ጣሃ ሑሰይን፦ ከቁርኣን ቤት እስከ ትምህርት ሚኒስትርነት የተጓዘው ዓይነ ስውር ተማሪ



ሳቢያን ውስጥ መምህር በነበርኩበት ጊዜ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረኝ። ቁርኣንን ሙሉ በሙሉ ሐፍዟል፤ ክፍል ውስጥም አንዴ የሰማውን አይረሳም። እኔ ግን እርሱ መኖሩን እየረሳሁ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ በጣቴ እየጠቆምኩ፣ ይህን ከዚያ ጋር አያይዙት እያልኩ አስተምር ነበር። ጎኑ የሚቀመጠው ልጅ የተጻፈውን በሹክሹክታ ያነብለታል። ትረብሻላችሁ ብዬ ሁለቱንም የተቆጣሁበት ቀን አለ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ሰሞን አባቱ ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠብቀው አገኙኝና ከእንግዲህ ልጄ ምን ይሆናል ብለው ጠየቁኝ። የማውቀው መልስ አልነበረኝም። ግብፅ ውስጥ ጣሃ ሑሰይን የሚባል ዓይነ ስውር ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሷል አልኳቸው። አባትየው ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ እንዴት ደረሰ ሲሉ መልሰው ጠየቁኝ። እዚያ ላይ ተያዝኩ። ስሙን እንጂ መንገዱን በዝርዝር አላውቀውም ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለእኚያ አባት ያኔ ልሰጣቸው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በጣሃ ሕይወት ውስጥ እስካለን ድረስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጣሃ በኖቬምበር 1889 በላይኛው ግብፅ፣ በሚንያ ግዛት፣ መጋጋ ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለች ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ በስኳር ኩባንያ ውስጥ በዝቅተኛ ሥራ የተቀጠሩ ሰው ነበሩ። አሥራ ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ጣሃ ሰባተኛው ነው። በሕፃንነቱ ዓይኑን ታመመ። ለቀናት የሚያየው አልነበረም፤ በኋላ የተጠራው ደግሞ ሐኪም ሳይሆን የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ብርሃኑ በዚያው ጠፋ። በዚያ ዘመን በዓባይ ዳርቻ እንዲህ ዓይናቸውን ያጡ ልጆች እጅግ ብዙ ነበሩ። በእኛም አገር ትራኮማ የስንቱን ዓይን እንዳጠፋ የምናውቀው ነው።

አል-አያም በተባለው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የአንድ ምሳ ታሪክ ነው። ሕፃኑ ጣሃ ከቤተሰቡ ጋር በማዕድ ላይ ሳለ እንደ ልጅ አንድ ነገር ሊሞክር ፈለገና ጉርሻውን በሁለት እጁ አነሳ። ወንድሞቹ ሳቁ። እናቱ አለቀሱ። አባቱ በሐዘን ድምፅ ቀስ ብለው አረሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ መረቅ፣ ሩዝና በማንኪያ የሚበላ ነገር ሁሉ በራሱ ላይ እርም አደረገ፤ ከሃያ አምስት ዓመት ዕድሜው በኋላ ነው የተወው። ብቻውን መብላትን መረጠ። የአንድ ቀን ሳቅ ይህን ያህል ዓመት በሰው ጉሮሮ ላይ ይቆማል። የሳቁት ጠላቶቹ አልነበሩም፤ የሚወዱት ወንድሞቹ ናቸው።

ቁርኣን ቤት ገባ። ሌሎቹ ልጆች ሉሕ ይዘው ይጽፋሉ፤ እርሱ በጆሮው ብቻ ይይዛል። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ቁርኣንን ሐፍዞ ጨረሰና አባቱ ሸይኽ እያሉ ይጠሩት ጀመር። ልጁ ጥምጣም የሚለብስ መስሎት ተደሰተ። ግን ቁርኣን ቤቱ ልቅ ነበር፤ ሙራጀዓ የለም፤ መምህሩም ረዳታቸውም ቸልተኞች ነበሩ። አንድ ቀን አባቱ በእንግዶች ፊት ሱረቱ አሽ-ሹዐራእን እንዲቀራ አዘዙት። ልጁ መጀመሪያውን ብሎ ቆመ። ሌላ ሱራ ተሰጠው፤ ያም ጠፋበት። ልብሱ በላብ ርሶ ከፊታቸው ተነሳ። በኋላ እንደገና ሐፈዘው፤ እንደገና ረሳው፤ እንደገና ሐፈዘው። እኛ ጋ ዓይነ ስውር ልጅ ሁሉ በተፈጥሮው የማይረሳ ይመስለናል፤ አላህ ዓይኑን ወስዶ ጭንቅላት ሰጠው እንላለን። የጣሃ ታሪክ የሚለው ሌላ ነው። እንደ ማንኛውም ልጅ ጥሩ ኡስታዝና ተከታታይ ክትትል ያስፈልገው ነበር።

በመንደሩ ለዓይነ ስውር ልጅ የሚታየው መንገድ ጠባብ ነው። ወይ በለቅሶ ቤትና በመቃብር ላይ እየቀራ የሚሰጠውን ይቀበላል፤ ወይ በቤተሰቡ እጅ ላይ ያረጃል። ሁለቱም መንገዶች ዛሬም ድሬዳዋ ውስጥ አሉ፤ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ጠዋት የሚዞር ሰው ያውቃቸዋል። የሚገርመው ግን ይህን የሚያደርገው ሱረቱ ዐበሳን በቃሉ የሚቀራ ማኅበረሰብ መሆኑ ነው። ያች ሱራ በማን ምክንያት እንደወረደች እናውቃለን። የአላህ መልእክተኛም (ሰ.ዐ.ወ) ለዐብደላህ ኢብን ኡም መክቱም (ረ.ዐ) ሶደቃ ብቻ አልሰጡትም። ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር አዛን እንዲያደርግ አደረጉት፤ ለዘመቻ ሲወጡም በተደጋጋሚ መዲና ላይ ተክተውት ሄደዋል። ሥራና ኃላፊነት ነው የሰጡት።

የጣሃ አባት ለልጃቸው የተሻለ ተመኙ። ታላቅ ወንድሙ አዝሀር ይማራል፤ ጣሃም ተከትሎት ሄዶ ዓሊም እንዲሆን አሰቡ። ለዝግጅት አልፊያን እንዲሐፍዝ ተሰጠው። ከዚያ መከራ መጣ። በ1902 ክረምት ኮሌራ ገባና ሕክምና ትምህርት ቤት ሊገባ የተዘጋጀውን፣ የቤቱ ሁሉ ተስፋ የነበረውን ሌላውን ወንድሙን ገደለው። ቤተሰቡ ሐዘኑ ሳይወጣለት በዚያው ዓመት የአሥራ ሦስት ዓመቱ ጣሃ ወደ ካይሮ ተላከ።

አዝሀር ሲገባ ፈታኙ ሸይኽ በስሙ አልጠሩትም፤ አንተ ዕውር ብለው ነው የጠሩት። ከመጥፎ ልብ ላይሆን ይችላል፤ የዘመኑ አነጋገር ነው። ልጁ ግን አልረሳውም፤ አርጅቶም አልረሳውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ምሽቱ ነበር። ወንድሙ ቀን ከሐለቃ ሐለቃ ያደርሰዋል፤ ማታ ግን ከጓደኞቹ ጋር ሊያጠና ይወጣል። ጣሃ በኪራይ ቤቱ ጥግ ብቻውን ይቀራል። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጨለማ እንደሆነ ያውቃል። ፋኖስ የሚያበራለት የለም፤ ለእርሱ ምን ያደርግለታል? እርሱ ግን ጨለማው ይሰማው ነበር። እንዲህ ብዙ ጊዜ ቆየ። ያዳነው አንድ ተራ ነገር ነው፦ የአክስቱ ልጅ ለትምህርት ካይሮ መጣና አብሮት ሊኖር ጀመረ። ከዚያ በኋላ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ሐለቃ ይሄዳሉ፣ አብረው ያነባሉ። የካይሮ ሕይወቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተለወጠ ማለት ይቻላል። የተጨመረለት ነገር መሣሪያ አይደለም፣ ገንዘብ አይደለም፤ አብሮት የሚያነብ እኩያ ነው።

ከአዝሀር ጋር ግን አልተስማማም። የሰይድ አል-መርሰፊን የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ወደደ፤ የሌሎቹን ሸይኾች አስተማሪነት ይተች ጀመር። ምላሱ ስለታም ነበር፤ ለራሱም ችግር አመጣበት። በ1908 መጨረሻ አዲሱ የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት እዚያ ገብቶ ሁለቱን በአንድ ላይ ሞከረ። በ1912 ለአዝሀር የዓሊምነት ፈተና ተቀምጦ ወደቀ። አሥር ዓመት የለፋበት መንገድ እዚያ ላይ ተዘጋ። ወላጆቹ ያሰቡለት ሕይወት፣ ማለትም ጥምጣም፣ ዐምድ ሥር መቀመጥና ደረሶችን ማስቀራት፣ አብሮ ቀረ።

እንግዲህ የእኚያ አባት ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ ከዚህ በኋላስ?

ጣሃ ዩኒቨርሲቲውን አጥብቆ ያዘ። በ1914 ስለ አቡል ዐላእ አል-መዐሪ ባቀረበው ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ፤ ዩኒቨርሲቲው ይህን ማዕረግ የሰጠው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። አል-መዐሪ በሕፃንነቱ በፈንጣጣ ዓይኑን ያጣ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተወለደ ሶሪያዊ ባለቅኔ ነው፤ እርሱም ሰው እንዳያየው ተሸሽጎ ይበላ ነበር። ጣሃ ጥናቱን ሲመርጥ የራሱን ማዕድ አስታውሶ እንደነበር ለመገመት አይከብድም።

ወደ ፈረንሳይ የሚላኩ ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲው ሲፈልግ ጣሃ አመለከተ። ተከለከለ። ሁለት ምክንያት ነበር፦ ዓይነ ስውር ነው፤ ደግሞም የሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት የለውም። የሁለተኛ ደረጃ ወረቀት ከየት ያመጣል? ለእርሱ ዓይነት ልጅ የተከፈተው በር ቁርኣን ቤትና አዝሀር ብቻ ነበር፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት አላስገባውም። ባልከፈቱለት በር በኩል ለምን አልመጣህም ብሎ መጠየቅ ይህ ነው። እንደገና አመለከተ፤ እንደገና ተከለከለ፤ ፈረንሳይኛ ተምሮ ዶክትሬቱን ሲይዝ እናያለን ተባለ። ተማረ፣ ያዘ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አመለከተና ተፈቀደለት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጽናቱን ያደንቃል። እኔ ግን አስተማሪ ስለነበርኩ የማስበው በሁለተኛው ደብዳቤ ስላቆሙት ልጆች ነው። ስንቶች እንደነበሩ ማንም አልመዘገበም።

በ1914 መጨረሻ ሞንፐሊየ ደረሰ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተቀጣጥሏል። ዓይነ ስውራን የሚያነቡበትን ብሬል እዚያ ተማረ፤ ነገር ግን የሚፈልጋቸው መጻሕፍት በብሬል ስላልነበሩ በጆሮው መማሩን ቀጠለ። ላቲንንም ከባዶ ጀመረ። የሚያነብለት ሰው ያስፈልገው ነበርና ሱዛን ብሬሶ የምትባል ወጣት ፈረንሳዊት ተገኘች። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አጥሮት በ1915 ወደ ካይሮ ጠራው፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ፓሪስ፣ ሶርቦን። በ1917 ሱዛንን አገባ። ለዚህም የዩኒቨርሲቲውን ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ የተላከ ተማሪ እንዲያገባ አይፈቀድም ነበርና። በ1918 ስለ ኢብን ኸልዱን በጻፈው ጥናት ሁለተኛ ዶክትሬት ይዞ በ1919 አገሩ ገባ። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ የግሪክና የሮም ታሪክ አስተማሪ ሆነ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ መምህር ብለው ሲቀጥሩት ዓይነ ስውራንን ብቻ እንዲያስተምር አይደለም፤ ስለ ዓይነ ስውርነትም አይደለም። ታሪክን ለሁሉም ተማሪ ነው ያስተማረው።

በ1926 ስለ ጃሂሊያ ግጥም የጻፈው መጽሐፍ ትልቅ ፊትና አስነሳ። በውስጡ ስለ ነቢዩ ኢብራሂምና ስለ ነቢዩ ኢስማዒል (ዐ.ሰ) የተናገረው ነገር የአዝሀርን ዑለማዎች አስቆጣ፤ ጉዳዩ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ደረሰ፤ ፋይሉ በ1927 ተዘጋ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰብስቦ የተተቸው ክፍል ወጥቶ በሌላ ስም ታተመ። ኢስላማዊ ጥናት የተማርኩ ሰው ነኝና በዚያ ጉዳይ ከተቃወሙት ወገን ነኝ፤ የዑለማዎቹ መልስ ጠንካራ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን የምጽፈው ስለ ጣሃ ሲወራ ይህ ሳይነሳ ማለፍ አንባቢን ማታለል ስለሆነ ነው። በሌላ በኩል ግን አንዳንድ ሰዎች ስህተቱን ከዓይኑ ጋር ሲያያይዙት ሰምቻለሁ። ይህ በደል ነው። ማየት የሚችሉ ምሁራንም ተሳስተዋል፤ ዓይናቸውን የጠቀሰባቸው የለም።

በ1930 የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ዲን ሆነ። በ1932 መንግሥት ለፖለቲካ ሰዎች የክብር ዶክትሬት እንዲሰጥ ሲፈልግ አልተባበርም አለና ከሥራው ተባረረ። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ለሁለት ዓመት ያህል በጋዜጣ ጽሑፍ ኖረ፤ ከዚያ ተመለሰ። በ1942 ለአሌክሳንድሪያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1950 የወፍድ ፓርቲ መንግሥት ሲመሠርት የትምህርት ሚኒስትር እንዲሆን ተጠየቀ። የሁለተኛ ደረጃና የቴክኒክ ትምህርት ክፍያ እንዲቀር አደረገ፤ የመጀመሪያ ደረጃው ቀደም ብሎ ነጻ ሆኗል። ትምህርት እንደ ውሃና እንደ አየር ለሁሉም የሚገባ ነው የሚለው አቋሙ እስከ ዛሬ በግብፅ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ወረቀት የለህም ተብሎ የተመለሰው ልጅ የዚያን ደረጃ በር ለአገሩ ልጆች ከፈተ። በጃንዋሪ 1952 መንግሥቱ ሲወድቅ እርሱም ወረደ። ኦክቶበር 28 ቀን 1973 ካይሮ ውስጥ በ83 ዓመቱ ሞተ።

መጽሐፎቹን በእጁ አልጻፈም። ይናገራል፤ ሌላ ሰው ይጽፋል። በመንደር ወንድሙ፣ በካይሮ የአክስቱ ልጅ፣ በፈረንሳይ ሱዛን፣ በኋላም ለረጅም ዓመታት ጸሐፊው ፈሪድ ሸሓታ። ማስታወሻውን ሳነብ እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር ሁልጊዜ አንድ የሚያነብለት ሰው አለ። የሚያነብ ሰው ሲጠፋ፣ እንደዚያ የካይሮ ምሽት፣ ሁሉ ነገር ቆመ።

የእኛ ልጆች ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የሚጠፋባቸው ይኸው ነው። ሳቢያን ውስጥ እስካሉ ድረስ ጎናቸው የሚቀመጥ ጓደኛ አለ፣ መንገዱን ያውቁታል፣ የባጃጅ ሹፌሩ ሳይቀር በስም ያውቃቸዋል። ፈተናውን ሲያልፉ የማያውቁት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይመደባሉ፤ ግቢው አዲስ፣ ጓደኛው አዲስ፣ መጽሐፉ ብሬል ያልሆነ። ፈተናውን ካላለፉ ደግሞ ቤት። የሚመርጡት የትምህርት ክፍልም አብዛኛውን ጊዜ ሕግ፣ ቋንቋ፣ ታሪክ ነው፤ የሌላው በር ገና በሁለተኛ ደረጃ፣ ሒሳቡና ሳይንሱ ሰሌዳ ላይ ብቻ ሲጻፍ ይዘጋል። እኔም ከዘጉት አንዱ ነኝ። ሕጉ አለ፦ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 አጽድቃለች። በመስጂድ ኮሚቴዎቻችን፣ በመድረሳዎቻችን፣ በነጋዴዎቻችን ሱቅ ውስጥ ስንት ዓይነ ስውር ተቀጥሯል ብለን ግን እንጠይቅ። ዘካና ሶደቃ ለመስጠት እጃችን አያጥርም፤ የሒሳብ ክፍል ወይም የስልክ መልስ ሰጪ ወንበር ለመስጠት ግን ሐሳቡም አይመጣልንም። ሐፊዝ ከሆነ ቁርኣን እንዲያስቀራ እናደርገዋለን፤ መልካም ሥራ ነው፤ ግን እርሱ ፈልጎት ነው ወይስ ሌላ ስላላየንለት?

ተማሪዬ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ አልሐምዱሊላህ። አባቱ ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ አገኙኝና ልጃቸው የጣሃን መጽሐፍ ሊያነብ እንደሚፈልግ ነገሩኝ። ዐረብኛው ገና አልጠነከረለትም፤ ብሬሉም የለም። እየተረጎምኩ በስልኬ ድምፄን እቀዳና በቴሌግራም እልክለታለሁ። እስካሁን ሰባት ምዕራፍ ደርሰናል። የምሳውን ታሪክ ከላክሁለት በኋላ ሁለት ቀን አልመለሰልኝም፤ በሦስተኛው ቀን ቀጣዩ ለምን ዘገየ የሚል የድምፅ መልእክት መጣ።